በሰው ቴሴራ የገባች ጎል

መካኒሳ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ሂርጳ በንቲ
ጎባ

በቅድሚያ የእግዚአብሔር ሰላም ከነቤተሰብዎ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎትን ሰው ምናልባት አያስታውሱት ይሆናል። ምናልባትም እርስዎ የምፈልጋቸው ሰው አይደሉም፤ እንዲያ ከሆነ ጊዜዎን ስላጠፋሁ ከወዲሁ ይቅርታዬን ይቀበሉኝ። ደብዳቤውን ላመጣልዎት ሾፌር ቢመልሱለት ይበቃል።

አድራሻዎን የሰጠኝ ሹራብ ነው። ባለፈው ሳምንት ከጎፋ ወደ መካኒሳ በታክሲ ስመጣ ከፊቴ የተቀመጠው ሰው የለበሰው ሹራብ ዓይኔን ያዘው። አንገትጌው ሁለት ጊዜ ታጥፎ በስተውስጥ በተገለበጠ ስፌት ተዘግቷል። እንዲህ የሚዘጋ ሰው በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ ንጋት ሹራብ ፋብሪካ፣ ሦስተኛ መስመር ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ይሠራ የነበረ ልጅ። «ወንድሜ ይቅርታ፣ ይህን ማን ሠራልህ?» አልኩት። የጎባ አውቶቡስ ሾፌር ሆኖ ተገኘ። «እዚያ ያለ አንድ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ነው» አለኝ። «ስሙስ?» ስለው፣ «ሂርጳ» አለኝ። መውረጃዬን አለፍኩ።

እኔ ወጋየሁ ሶርሳ እባላለሁ። የንጋት ሹራብ እግር ኳስ ቡድን ዕቃ ያዥ ነበርኩ፤ ማልያ የማጥበው፣ ኳስ የምነፋው፣ የተጫዋቾቹን ቴሴራ በቆርቆሮ ሣጥን የምይዘው። ዳኛው ከጨዋታ በፊት ፎቶዋን ከፊታችን ጋር እያስተያየ የሚቆጥራትን ያቺን የተጫዋች መታወቂያ ማለቴ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ሥራዬም የድሮ ቴሴራ መሰብሰብ ነው። የዝነኞቹን አይደለም፤ የእነሱን የሚሰበስብ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው ማንም የማያስታውሳቸውን ነው፤ ተጠባባቂ በረኛውን፣ አንድ ቀን ብቻ ተሰልፎ የቀረውን ተከላካይ። ከቆራሌው፣ ከአሮጌ ወረቀት ነጋዴው፣ ከሟች ቤተሰብ ሣጥን እያልኩ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት አድርሻለሁ።

አንዷ ግን አስቸገረችኝ። በ1976 ዓ.ም. የፋብሪካዎችን ዋንጫ ያነሳንባት ቴሴራ ናት። ፎቶው ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ልጅ ነው። ስሙ ግን «ኢያቄም ደስታ» ይላል። ኢያቄምን አውቀዋለሁ፤ ጠባሳ አልነበረውም። ጠባሳ የነበረው ሂርጳ ነው።

ፌዴሬሽን አይደለሁም፣ ከሳሽም አይደለሁም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ በፎቶው ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት?

አክባሪዎ
ወጋየሁ ሶርሳ


ጎባ፣ የካቲት 2 ቀን 2017

አንተ ወጋየሁ!

ማነው የተከበረው? ሳይታጠብ በሰጠኸኝ ማልያ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሳክ የዋልኩት ሰውዬ ዛሬ «እርስዎ» ሆንኩ? ፖስታው ላይ «ለተከበሩ» የሚለውን ስታይ ባለቤቴ ፅጌረዳ ከመንግሥት ቤት የመጣ መስሏት የግብር ደረሰኝ ፍለጋ ቤቱን ገለበጠችው።

ለዚያ ሾፌር ንገርልኝ፤ ጆሮዬ ይሰማል፣ የጠፋው ደህና አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ስልክ ግን አትደውልልኝ። ስልክ ውስጥ የምሰማው ንብ ብቻ ነው። ጻፍልኝ፤ ዓይኔ ጤነኛ ነው።

እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይሆናል? ሐሙስ ዕለት የክር ሣጥን ኢያቄም እግር ላይ ወደቀ። ምዝገባ ተዘግቷል፣ እኔ ደግሞ አልተመዘገብኩም። ለአንዲት ልጅ ልልከው የተነሳሁትን ፎቶ ከእጄ ነጥቀህ በእሱ ቴሴራ ላይ ለጠፍከው። ፎቶው ላይ የጎደለውን ግማሽ ማኅተም በድንች ቀርጸህ በሐምራዊ ቀለም ስትመታ አጠገብህ ቆሜ መብራት ይዤልሃለሁ። እሑድ በእሱ ስም ገባሁ፣ ጎሏንም አገባሁ፣ አንድ ለዜሮ። አሁን «እርስዎ ነዎት?» ትለኛለህ። ጴንጤ ሆኗል ሲሉህ ሰምቻለሁ፤ ስትድን ድንቹ ከነኃጢአቱ ተረሳ እንዴ?

ኢያቄም እንዴት ነው? ያቺ ሳቂታ ሚስትህ አፀደስ? ቴሴራዋንስ ምን ልታደርጋት ነው የያዝካት? ከሥሯ ምን ጻፍክባት?

ሂርጳ

ፅጌረዳ ነኝ። ፎቶው ሊላክላት የነበረችው «አንዲት ልጅ» እኔ አይደለሁም። ማን እንደሆነች የሚያውቁ ከሆነ ይጻፉልኝ።


መካኒሳ፣ የካቲት 20 ቀን 2017

ወንድሜ ሂርጳ፣

ደብዳቤህን መንገድ ዳር ቆሜ አነበብኩት። ብቻዬን ስስቅ ያየችኝ ጎረቤቴ «ጋሽ ወጋየሁ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደረሰዎት እንዴ?» አለችኝ። «ከዚያ የሚበልጥ ነው» አልኳት።

ስለ «እርስዎ»ው ይቅር በለኝ። ሰው በስልሳ አምስት ዓመቱ ለጠፋ ጓደኛው ሲጽፍ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ስለ ማልያው ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ያን ሳምንት ውኃ አልነበረም። ለእህቴ ለፅጌረዳ፦ ልጅቷን አውቃታለሁ፣ አልናገርም። በስተርጅና ትዳር ያፈረሰ ዕቃ ያዥ መባል አልፈልግም።

መራራውን ላስቀድም። ኢያቄም ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው። ስኳር ነበረበት። ቀብሩ ላይ ከቡድኑ የተገኘነው አራት ብቻ ነን። አፀደም ጌታ ዘንድ ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነው። እንዴት እንደምኖር ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ ደህና ነኝ እልህ ነበር፤ እውነትም ደህና ነኝ። ጠዋት ተነስቼ እጸልያለሁ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ እቀዳና አንዱን ወደ በራዱ እመልሳለሁ። ከዚያ ቴሴራዎቼን ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ።

ብታያቸው! አንድ ቡድን ውስጥ ሦስት ተጫዋቾች አንድ ኮት ለብሰው ተነስተዋል፤ የፎቶ ቤቱን ኮት። ለአንደኛው እጅጌው ጣቱን ይሸፍነዋል፣ ለሌላኛው ክርኑ ላይ ያልቃል። አንዱ ተከላካይ ቴሴራው ጀርባ ላይ «ሳሙና፣ ክብሪት፣ የእናቴ መድኃኒት» ብሎ ጽፏል። ያ መድኃኒት ተገዝቶ ይሆን እያልኩ ዓመት ሙሉ አስቤበታለሁ። ቅዱሱን ቃል ሳነብም እንዲሁ ነኝ፤ ሌላው ዘሎት የሚያልፈውን የስም ዝርዝር እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። አንድ ሥራ እንኳ ሳይነገርለት ስሙ ብቻ የተጻፈ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ደግሞ የምሥራች። የድሮ ሜዳችን ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፣ ጥጉ ላይ ግን ትንሽ ሜዳና የወጣቶች ማዕከል ተሠርቷል። ግንቦት 17፣ እሑድ ይመረቃል። የማዕከሉ ኃላፊ፣ አንዲት ጎበዝ ልጅ፣ ዋንጫውን ያነሱትን የአሥራ አንዱን ተጫዋቾች ቴሴራ በመስተዋት አድርገን ግድግዳው ላይ እንስቀል አለችኝ። ዋንጫዋም ከፋብሪካው መጋዘን ተገኝታለች። አሥራ አንዱም እኔ ዘንድ አሉ። አየህ፣ ማንም የማያውቃቸው ሰዎች ግድግዳ ሊያገኙ ነው!

ከሥሯ ምን ጻፍክባት ያልካትን ጥያቄህን ዛሬ አልመልሳትም። ወረቀቱ አለቀብኝ።

ወንድምህ ወጋየሁ


ጎባ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017

ወጋየሁ፣

ኢያቄምን ነፍስ ይማርልን። አፀደንም። ዜናውን አንብቤ ማሽኔን ዘግቼ ወጣሁና እስከ ወንዙ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ ደብዳቤህን ሁለተኛ አነበብኩት፤ ሦስተኛ ያነበብኩት ግን የዘለልካትን ፍለጋ ነው። ወረቀቱ አላለቀብህም። ጀርባው ባዶ ነው፤ እድላዊት፣ የልጅ ልጄ፣ ሥዕል ሥላበታለች።

ጥግ ላይ በትንሹ የጻፍካትን ጥያቄ አይቻታለሁ። ሳልሰናበታችሁ ለምን እንደሄድኩ ልንገርህ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ያን እሑድ በትከሻ ተሸክማችሁ ከሜዳው እስከ ፋብሪካው በር ስትወስዱኝ ሰው ሁሉ «ኢያቄም! ኢያቄም!» ይል ነበር። ዳኛው ገና አልሄደም፤ እጄን እያውለበለብኩ ሳቅሁ። ሰኞ ክበቡ ውስጥ «ኢያቄም፣ ሻይ በእኔ ነው» አሉኝ። ቀልድ ነው፤ ጠጣሁ። ማክሰኞ ጠዋት የሥራ መግቢያ መዝገብ ላይ ልፈርም ስል እጄ «ኢያ» ብሎ ጀመረ። ብዕሩን አስቀመጥኩ። አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ይኸው ነው፣ አልተጣላሁም፣ አልተቀየምኩም፤ ፈራሁ።

እዚህ ለልጆቼ ስለዚያች ጎል ተናግሬያለሁ። እድላዊት «አባባ፣ ታዲያ ስምህ የት አለ?» አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ኳስ አውርቼ አላውቅም።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ከፎቶዬ ሥር ስሜን ጻፍልኝ። ሂርጳ በንቲ። ሌላ ምንም አትጨምርበት።

ሂርጳ

ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀዷል። ፅጌረዳ ነኝ። ጎል አገባሁ ሲል እኔም አላምነውም ነበር፤ ዛሬ አመንኩት።


መካኒሳ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017

ወንድሜ ሂርጳ፣

እውነትህን ነው፣ ወረቀቱ አላለቀም ነበር።

የማዕከሉን ኃላፊ «አንዲት ጎበዝ ልጅ» ብዬ ስሟን ደበቅሁህ። ቤተልሄም ኢያቄም ትባላለች። የኢያቄም ልጅ ናት። ግድግዳውን የምታሠራው ለአባቷ ብላ ነው። ሰሌዳው ተጽፎ ደርሷል፤ «የ1976 ዓ.ም. የፋብሪካዎች ዋንጫ አሸናፊ፣ ንጋት ሹራብ። የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው ኢያቄም ደስታ» ይላል። በዋንጫው ወረቀት ላይ ያለው ስም የእሱ ነውና ማን ይጠረጥራል? ኢያቄም ራሱ አገባሁ ብሎ አያውቅም። ስትጠይቀው ይስቅ ነበር፤ እሷ ትሕትና መሰላት።

ቴሴራዋን ገና አላየቻትም። «ጋሽ ወጋየሁ፣ የአባቴንስ መቼ ያመጡልኛል?» ስትለኝ «ጥግ ጥጓ ተቀዶ እየጠገንኳት ነው» አልኳት። ልነግራት ሦስት ጊዜ ቢሮዋ ሄድኩ። መጀመሪያ ስለ ሚስማር አወራሁ። ሁለተኛ ስለ ግድግዳው ቀለም። በሦስተኛው ሻይ አስመጣችልኝ፤ ጠጥቼ፣ መርቄያት ወጣሁ። ደግሞስ ብናገር የአባቷን ጎል ብቻ አይደለም የምወስድባት። በሰው ቴሴራ የተጫወተ ቡድን ተሸናፊ ነው። ዋንጫውም የእኛ አይደለም ማለት ነው። የአሥሩ ተጫዋቾች ቤተሰቦች ለምርቃቱ ልብስ እያሰፉ ነው።

ሌላም አለ። ሰው ለምን እንደምሰበስብ ሲጠይቀኝ «ለተረሱት ብዬ» እላለሁ። ለራሴም የምለው ይህንኑ ነው። ሰሞኑን ተንበርክኬ ሳለሁ ግን ሌላ መልስ መጣብኝ። ፋብሪካው ሲዘጋ የቆርቆሮ ሣጥኔ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተሸጠ። ከቆራሌ ቆራሌ መዞር የጀመርኩት ያቺን አንዲት ቴሴራ አግኝቼ ላቃጥላት ነበር፤ የእጄ ሥራ ናትና አንድ ቀን ትወጣብኛለች ብዬ። አፀደ ታውቅ ነበር። እሷን ስፈልግ ሌሎቹ እጄ ገቡ። አንዱን ፊት ሳይ፣ ሌላውን ሳይ ወደድኳቸው፤ ማቃጠሉን ረሳሁት። ያንተዋ የተገኘችው አምና ጳጉሜን ላይ ነው። ክብሪት አልጫርኩም። ዝም ብዬ አየሁህ።

እንግዲህ ቴሴራ ሰብሳቢው ወንድምህ ይህን የመሰለ ሰው ነው። ከሥርህ ምንም አልጻፍኩም። ጥቂት ቀን ታገሠኝ።

ወጋየሁ


ጎባ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017

ወጋየሁ፣

ተወው።

አዲስ አበባ ስገባ ሦስት ወር ያስጠጋኝ ኢያቄም ነው። ጎፋ አንድ ክፍል ቤት ነበረችው፤ አልጋውን ለእኔ ሰጥቶ እሱ ምንጣፍ ላይ ተኛ። ገና ሳያውቀኝ ቤቱን የሰጠኝ ሰው አንዲት ጎሌን ቢወስድ ምን አለ? ለልጅቱ አባቷን ተውላት። አሥሩን ስቀል። የእኔን አይጥ በላት በል፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ ጾም ላይ ስለሆንኩ አብሮ ይቀልልኛል።

ለምርቃቱም አልመጣም። ጉልበቴም አይፈቅድም።

ሂርጳ

ፅጌረዳ ነኝ። አይስሙት። «ተወው» ብሎ ከጻፈ ወዲህ አንዱን ሹራብ ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሠርቶታል፤ ባለቤቱ በየቀኑ እየመጣ በብርድ ይመለሳል።


መካኒሳ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017

ወንድሜ ሂርጳ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሳችሁ። «ተወው» የምትለው ደብዳቤህ ዘገየች። የደረሰችኝ ከነገርኳት በማግሥቱ ነው።

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ቴሴራዋን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ስለ ሚስማርም ስለ ቀለምም ሳላወራ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኳት። አየቻት። ፎቶውን፣ ስሙን፣ እንደገና ፎቶውን።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ ይሄ ማነው?»

«ሂርጳ በንቲ ይባላል። ጎሉን ያገባው እሱ ነው። በአባትሽ ቴሴራ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ቴሴራዋን አንስታ ወደ ብርሃን ያዘቻት። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «አባቴ ታዲያ ያን ቀን የት ነበር?»

ሂርጳ፣ ይህን ላንተም ነግሬህ አላውቅም፤ የምታውቀው መስሎኝ ነበር። አንተ ጎሏን አግብተህ ስትሮጥ ዳኛው ስም ሊመዘግብ መጣና ቴሴራዋን ከእጄ ተቀብሎ አገላበጣት። ማኅተሙ ላይ አፈጠጠ። ድንቹ ጫፉ ላይ ትንሽ ተሸርፎብኝ ነበር።  ኢያቄም ከመስመሩ ውጭ፣ እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ በክራንች ቆሟል። የዳኛውን ፊት አየ። «ኢያቄም!» ብሎ ጮኸ። «ወንድሜ ኢያቄም! ኢያቄም አንበሳው!» የራሱን ስም! ድምፁ እስኪዘጋ። ሕዝቡ ተከተለው። ዳኛው ቀና ብሎ ያን ሁሉ ሰው አየና ቴሴራዋን መልሶልኝ ጻፈ። ያ የሰማኸው ጩኸት ስምህን ሊወስድብህ የተነሳ አልነበረም። አንተን ለማስጣል ነው የጀመረው።

ይህን ለቤተልሄም ነገርኳት።  «የራሱን ስም?» አለችኝ።

«የራሱን።»

«በዚያ ድምፁ?»

«በዚያ ድምፁ።»

በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ አለቀሰች፣ እያለቀሰች ደግሞ ሳቀች። «አባዬ ከበር ላይ ሲጠራኝ ሦስተኛው ግቢ ያሉ ልጆች አቤት ይሉ ነበር እኮ» አለችኝ። ሰሌዳውንም ያን ዕለት አወረደችው። እኔ ተፈታሁ ብዬ ልነሳ ስል፣ «ቆይ እንጂ ጋሽ ወጋየሁ፣ የተሸነፉትስ?» አለችኝ።

እውነት እልሃለሁ፣ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አስቤያቸው አላውቅም። ስንት ዓመት ስለ ተረሱ ሰዎች ሳወራ የጡብ ፋብሪካውን ልጆች ረሳኋቸው።

የጡቦቹን አምበል ዳዲን ታስታውሰዋለህ፤ ኳሷን በእግሮቹ መሃል ያሳለፍክበትን ተከላካይ። ኃይሌ ጋርመንት አደባባዩ አጠገብ ጎሚስታ ነው። ተያይዘን ሄድን። ጎማ ሥር ተንበርክኮ ነበር።

«የተነፈሰ ነው ወይስ ንፋስ መሙላት?» አለን ቀና ሳይል።

«ንስሐ ነው» አልኩት።

ሁሉንም ነገርኩት። ክሪኩን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አርባ አንድ ዓመት!» አለ። «ሚስቴ በተጣላን ቁጥር ‹ኢያቄም በእግርህ መሃል ያሳለፈብህ› እያለች ስትሰድበኝ የኖረችው በሌለ ሰው ነው?»

«በሌላ ሰው ነው።»

«ይባስ! አንተ ደግሞ ጸሎተኛ ሆነሃል አሉ። ለእኔ የሚተርፍ ጸሎት ይኖርሃል?»

ቤተልሄም ጣልቃ ገብታ «ጋሽ ዳዲ፣ ዋንጫዋን እንመልስልዎታለን» አለችው። ይህን ጊዜ ተቆጣ። «እኔ ለማኝ ነኝ? ዋንጫ በምጽዋት አልቀበልም! ተጫወቱና ልንጠቃችሁ።»

እንዲህ ተወሰነ። በምርቃቱ ዕለት፣ በየአጋማሹ አሥር ደቂቃ፣ በሕይወት ያለ ሁሉ ይሰለፋል፣ የጎደለውን ልጆቻችን ይሞሉታል። የዳዲ ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፦ «ያ ባለ ጠባሳው ካልመጣ ጨዋታ የለም። ሁሉም በገዛ ቴሴራው!»

እንግዲህ «ተወው» ብለኸኝ ነበር። እምቢ አልኩህ፤ ይቅር በለኝ። ትመጣለህ?

ወጋየሁ


ጎባ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017

ወጋየሁ፣

ኢያቄም ነው የጀመረው?

ደብዳቤህን ለፅጌ አነበብኩላት፣ ለልጆቹ አነበብኩላቸው፣ ሹራቡን ሊወስድ ለመጣው ሰውዬም አነበብኩለት። እኔ እኮ ያን ድምፅ አርባ አንድ ዓመት እንደ ቀማኛ ሳየው ኖርኩ! በክራንች ቆሞ! ነፍሱን በገነት ያኑርልኝ፤ በማግሥቱ ድምፁ ተዘግቶ ሲያናግረኝ ጉንፋን ይዞት መስሎኝ ዝንጅብል ገዝቼለት ነበር።

እመጣለሁ። ፅጌም አብራኝ ትመጣለች፤ እሷ የምትመጣው ያቺን ልጅ ፍለጋ ነው፣ ተጠንቀቅ። አዲስ ፎቶ በፖስታው ውስጥ አለ። ቴሴራዬ ላይ ማኅተም የሚመታው ማዕከሉ ነው። አንተ እስከዚያ ድረስ ድንች ያለበት ቤት እንዳትገባ።

ለዳዲ ንገረው፤ እግሮቹን ገጥሞ ይቁም።

ሂርጳ


መካኒሳ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017

ወንድሜ ሂርጳ፣

በሰላም እንደገባችሁ ሾፌሩ ነግሮኛል። ጉልበትህስ? ቤተልሄም በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ ሳትዋሽ ጻፍልኝ።

አንድ ለዜሮ ተሸነፍን፣ እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲዘመርልኝ እንደ ከረመ ሰው ነኝ። ዳዲ ዋንጫዋን ጎማዎቹ መሃል ከጣሪያ ላይ በሰንሰለት አንጠልጥሏታል። ንፋስ ሊያስሞላ የሚቆም ታክሲ ሁሉ ታሪኩን ሰምቶ ነው የሚሄደው። ትላንት ሳልፍ «ዕቃ ያዡ! ና ግባ፣ ሻምፒዮን ሻይ ይጋብዝህ!» ብሎ ጠራኝ። ሚስቱ ስድቧን እንዳልተወች፣ ስሙን ብቻ «ሂርጳ» ብላ እንዳረመች ነገረኝ።

ግድግዳው ላይ አሁን አሥራ ሁለት ሰዎች አሉ። ቤተልሄም የአባቷን የሠርግ ፎቶ አምጥታ ከአንተ ጎን ሰቅላዋለች። በእጄ የጻፍኩት ይኸው፦ «ኢያቄም ደስታ። ያን ቀን አልተጫወተም። በክራንች ቆሞ ጮኸ።» ካንተ ሥር ደግሞ እንደ ለመንከኝ፣ «ሂርጳ በንቲ»፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ያቺ የቀድሞዋም ቴሴራ ለብቻዋ ተሰቅላለች። ሥሯ ላይ «ይህ ውሸት የወጋየሁ ሶርሳ እጅ ሥራ ነው» ብያለሁ። አንድ ጎረምሳ አንብቦት «ፋዘር፣ ማኅተሙ ግን ምርጥ ነው!» አለኝ። ምን ልበለው? ገሠጽኩት፤ ትንሽ ደስ እንዳለኝ ግን ለጌታ ተናግሬያለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ አውቶቡሱ ተነሳብኝ። በጥግ ጽፌዋለሁ።

ወጋየሁ


ጎባ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017

ወጋየሁ ወንድሜ፣

ጉልበቴ ሐብሐብ አክሎ ነበር፣ አሁን ብርቱካን አክሏል። ለቤተልሄም ሎሚ አክሏል በላት።

በምርቃቱ ጨዋታ ኳሷን ስለመታሁባት ደቂቃ ጠይቀኸኛል። ኳሷ ከእግሬ ስትወጣ ገባች ብዬ ነበር። ቋሚውን መታች። ዞር ስል ሰው ሁሉ አፉን ከፍቷል፤ ሜዳው ዳር ያለው፣ የኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ የቆመው፣ ዳዲም ሳይቀር። በዚህ ዕድሜዬ ስታሁ ብለው የሚሰድቡኝ መሰለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ይህን ጊዜ ፅጌ ሜዳ ገባች። ዳኛው ፊሽካ ነፋባት፤ እሷ እንደ እኔ አይደለችም፣ ሰምታዋለች፣ ግን መጣች። ጆሮዬን በሁለት እጇ ይዛ «ስምህን ነው! ስምህን ነው የሚጠሩት!» አለችኝ። ማን እንደ ጀመረው ስጠይቃት ወደ ቤተልሄም ጠቆመችኝ። የልጅቷ የአንገት ሥር ተገታትሯል። የማን ልጅ እንደሆነች አላጠራጠረኝም።

በሰው ስም ካገቡት ጎል በገዛ ስም የሳቱት ይበልጣል ብዬ ልጽፍልህ ነበር። እድላዊት «አባባ፣ ብታገባው ግን አይሻልም ነበር?» አለችኝ። ይሻል ነበር። አንዲት ጣት ወደ ውስጥ ብትል ምን ነበረበት!

ይሁንና ለአቶ ዳዲ ይህን ቃል በቃል አንብብለት፤ ጎሚስታው ፊት ቆመህ፣ ደንበኛ በበዛበት ሰዓት። ያገባት ጎል ኦፍሳይድ ናት። አጋማሹን ሙሉ በረኛችን አጠገብ ቆሞ ነው የዋለው፤ ለምን አትመለስም ሲሉት «መመለሻ ጉልበት የለኝም» ሲል ፅጌ ሰምታዋለች፣ ምስክር ናት። ዋንጫዋን ከሰንሰለቱ ያውርድና ይጠብቀኝ። ይህ ክስ ነው፣ ቀልድ አይደለም። የከሳሹ ስም ከዚህ በታች አለ፤ ማኅተም ቢፈልግ ይምታበት፣ ፎቶም ቢፈልግ ግድግዳው ላይ ሄዶ ያስተያይ።

ሂርጳ በንቲ